እኅትሽ መቼ ነው ሐኪም የምትሆነው?

ከሠፈራችን አንድ ልጅ አሜሪካን አገር ሄዶ «ሕክምና ልማር ነው» ያለ እንደ ሆነ፤ ዘመድ አዝማዱ በዚያው ቀን ዶክተር የሚል ማዕርግ ይሰጠዋል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን «እስካሁን አልጨረሰም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ሲመጣ ጥያቄው ወደ ሐሜት ይለወጥና «ትምህርቱንስ ትቶታል አሉ»፤ «እሷማ የሽማግሌ አስታማሚ ሆናለች አሉ» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ናቸው ለማለት አይቻልም፤ መንገዱ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ታላቅ እኅቴ ሜሪላንድ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ትኖራለች፤ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባትም ማመልከቻዋን በማሰናዳት ላይ ናት። ጎረቤቶቻችን ታናሽ እኅታችንን መንገድ ላይ ባገኟት ቍጥር «እኅትሽ መቼ ነው ሐኪም የምትሆነው?» እያሉ ይጠይቋታል። በክፍሌም ውስጥ አሜሪካን አገር ወንድም ወይም እኅት ያላቸው ተማሪዎች ይህንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ከእኅቴ የሰማሁትንና እርሷን ለመርዳት ስል ያጠናሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

በእኛ አገር አብዛኛው የሕክምና ተማሪ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ሕክምናን ይማራል። በአሜሪካ ግን ተማሪው በመጀመሪያ የአራት ዓመት ኮሌጅ ጨርሶ ዲግሪ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አመልክቶ ከተቀበሉት አራት ዓመት ሕክምና ይማራል። ዶክተር ተብሎ ከተመረቀም በኋላ በሆስፒታል እየሠራ የሚሠለጥንበት፤ ሬዚደንሲ የሚባል፤ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጅ ጊዜ አለ። ሒሳቡን ብንደምረው፤ አንድም ዓመት ሳይባክን፤ ትንሹ አሥራ አንድ ዓመት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት እንዲህ ጠብቆ የተያዘበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመልክቶ አንድ ዘገባ አወጣ። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ደኅና ላቦራቶሪ የሌላቸውና ገንዘብ የከፈለውን ሁሉ የሚቀበሉ ሆነው ስላገኛቸው፤ ሕክምና የሚማር ሰው አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ይማር ሲል አሳሰበ። ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም አልነበረም፤ ቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ መምህር ነው። የሙያ ባልደረባዬ ስለ ሆነ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን የማሻሻያው ሸክም በድኾችና በጥቁር ሕዝቦች ላይ በርትቷል። ከነበሩት ሰባት የጥቁር ሐኪሞች ማሠልጠኛዎች ዘገባው ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት አምስቱ ተዘግተው፤ የዋሽንግተኑ ሃዋርድና የናሽቪሉ ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። መንገዱ ሲረዝም ስንቅ የሌለው ሰው ወደ ኋላ መቅረቱ የታወቀ ነው።

ስንቅ ለሌለው ተማሪ መነሻ የሚሆነው ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የአካባቢ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሌጅ ከዚህ ዐይነቱ በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1901 የተቋቋመው የጆሊየት ኮሌጅ ነው። በሜሪላንድ እኅቴ የተማረችበት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1946 ተመሠረተ። በዚያም ሆነ በአጎራባቹ በሰሜን ቨርጂንያ ኮሌጅ የአገራችንን ልጆች በብዛት ማግኘት ይቻላል። እነዚህ ኮሌጆች ክፍያቸው ዝቅተኛ ነው፤ የማታ ትምህርት አላቸው፤ እንግሊዝኛው ያልተስተካከለለትንም ከመሠረቱ ጀምረው ያስተምራሉ። ተማሪው የሁለት ዓመቱን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዲግሪውን ይጨርሳል።

እኅቴ በ2011 ዓ.ም. ወደ ሜሪላንድ ስትሄድ ከአዲስ አበባ የአንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይዛ ነበር። የጥቂት ሳምንታት ኮርስ ወስዳ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሥራ ያዘች። ቀን ቀን ደግሞ እንግሊዝኛና ሒሳብ፤ ቀጥሎም ኬሚስትሪና ባዮሎጂ መማር ጀመረች። ሌሎች በሁለት ዓመት የሚጨርሱትን እርሷ በሦስት ዓመት ጨረሰች። በዚህ መካከል አንድ የትምህርት አማካሪ «ከኮሚውኒቲ ኮሌጅ ተነሥቶ የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ዘበት ነው፤ ሌላ ሙያ ፈልጊ» ብሎ መክሯት ነበር። እርሷም ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሆና ደውላልኝ «ለምን ይሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ያልነገረኝ?» አለችኝ።

የሰውዬው ነገር እውነት አልነበረም። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁትን አንድ በአንድ ስናነብ፤ ከኮሚውኒቲ ኮሌጅ የመጡትን የሚቀበሉ ብዙዎች መሆናቸውን አገኘን። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል መሠረታዊ የሳይንስ ኮርሶችን ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የወሰደ ተማሪ የሚመርጡ አሉ። ስለዚህ ብልኀቱ እንዲህ ነው፦ አጠቃላይ ኬሚስትሪንና የመጀመሪያውን ባዮሎጂ በአካባቢ ኮሌጅ የተማረ ሰው፤ ከተዛወረ በኋላ ባዮኬሚስትሪን፣ ፊዚዮሎጂን፣ ጄኔቲክስንና ይህን የመሳሰሉትን ከባድ ኮርሶች በዩኒቨርሲቲው ወስዶ በጥሩ ውጤት ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ የፊተኛው ውጤቱ በኋለኛው ይመሰከርለታል።

ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ሕክምና መማር ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ ግዛት በማስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ነው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፈው እ.ኤ.አ. በ1935 በሕክምና የተመረቁት። ከዚያም የኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ተመልሰው በሐኪምነት አገልግለዋል። ሃዋርድ እኅቴ ከምትኖርበት ሠፈር በአውቶቡስና በባቡር የሚደረስበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪው ማወቅ ያለበት ግሬድ እንደ ጥላ የሚከተል መሆኑን ነው። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ የጋራ ማመልከቻ ይጠቀማሉ፤ ስሙ አምካስ ይባላል። አመልካቹ ከተማረበት ከያንዳንዱ የአሜሪካ ኮሌጅ፤ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰደበትም ቢሆን፤ የትምህርት ማስረጃውን ማስላክ አለበት። የወደቀበትን ኮርስ ደግሞ ቢማርና ቢያልፍ ሁለቱም ግሬዶች ይቆጠራሉ። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤት ደግሞ ለብቻው ይሰላል። እኅቴ በአዲስ አበባ የተማረችው ዓመት ግን በዚህ አማካይ ውስጥ አይገባም፤ ለመልካምም ለክፉም ሳይቈጠር ቀርቷል።

ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁላቸውን ሒሳብ እዚህም ልድገመው። አንድ ተማሪ በአካባቢ ኮሌጅ 60 ክሬዲት ወስዶ አማካይ ነጥቡ 3.0 ቢሆን፤ ከተዛወረ በኋላ በቀሩት 60 ክሬዲቶች በሙሉ «ኤ» ቢያመጣ እንኳ የመጨረሻው አማካዩ 3.5 ነው። አንድም «ቢ» ሳይኖርበት ማለት ነው። እንግዲህ «አሁን ሥራዬን ልሥራ፤ ስዛወር አጠናለሁ» የሚል ሰው ዕዳውን ለነገ ያከማቻል። በአንድ ሴሚስተር አራት ኮርስ ወስዶ ከመሰባበር ሁለት ወስዶ በሚገባ ማለፍ ይሻላል። ጎረቤት «ዘገየች» ቢል ይበል።

ሁለተኛው ኤምካት የሚባለው መግቢያ ፈተና ነው። አራት ክፍል ያለው ሲሆን ከዕረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ውጤቱ ከ472 ጀምሮ እስከ 528 ይደርሳል። ሦስቱ ክፍሎች ኬሚስትሪንና ፊዚክስን፣ ባዮሎጂንና ባዮኬሚስትሪን፣ እንደዚሁም ሥነ ልቡናንና የኅብረተሰብን ትምህርት የሚመለከቱ ናቸው። አራተኛው የንባብ ክፍል ነው፤ የአገራችንን ልጆች የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነው። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ታሪክና ስለ ሌላም የተጻፉ ምንባቦችን አንብቦ ለ53 ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ቀመር ሸምድዶ እዚያ መግባት አይረዳም። እኅቴ ከፈተናው አንድ ዓመት በፊት ጀምራ በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ ባቡር ውስጥ አንድ ረጅም ጽሑፍ ታነብና፤ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደ ፈለገ በሁለት መስመር በአማርኛ ትጽፍ ነበር። በአማርኛ የሆነበትን ምክንያት ብጠይቃት «በእንግሊዝኛ ስጽፍ የጸሐፊውን ቃል መልሼ እቀዳለሁ፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን ካልገባኝ ብዕሬ ይቆማል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም በክፍሌ ውስጥ ይህን ዘዴ እሞክረዋለሁ።

ሦስተኛው ነገር ግሬድም ፈተናም አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ተማሪውን በደኅና ከሚያውቁት ፕሮፌሰሮች የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የተዛወረ ተማሪ ደግሞ በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የሚቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ አንዳንዱ የሳይንስ ክፍል ከሁለት መቶ ተማሪ በላይ የሚቀመጥበት አዳራሽ ነው። እኛ «መምህርን ያለ ምክንያት ማስቸገር ነውር ነው» ተብለን ያደግን ልጆች ከኋላ ተቀምጠን፤ ሰምተን፤ ተነሥተን እንሄዳለን። እዚያ አገር ግን ፕሮፌሰሩ ለተማሪ ብሎ የለየው ሰዓት አለ፤ ያልመጣውን አያውቀውም፤ የማያውቀውንም ሊመሰክርለት አይችልም። እኅቴ በመጀመሪያው ሴሚስተር በር ላይ ደርሳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ትሄድ ጀመር። አሁን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላት ሁለት የሳይንስ መምህራን አሉ። አንደኛዋ የአካባቢው ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው፤ በሌሊት ሥራ ላይ ሆና ስትማር ያዩዋት እርሳቸው ናቸውና።

ይሉኝታ በሌላም ቦታ ይመጣል። አመልካቹ ለምን ሐኪም መሆን እንደ ፈለገ የሚገልጽ ጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ርዝመቱም ከ5,300 ፊደላት አይበልጥም፤ ባዶ ቦታውም ሳይቀር ይቈጠራል። እኅቴ የመጀመሪያውን ረቂቅ ላከችልኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እመኝ ነበር» ብሎ የሚጀምርና ማንም ሰው ሊጽፈው የሚችል ነበር። ስለ መጦሪያው ሥራዋ አንድም ቃል የለበትም። ደውዬ «ስለ ሥራሽ ለምን አልጻፍሽም?» አልኋት። «ሽማግሌ የማጥብና ሽንት ጨርቅ የምለውጥ መሆኔን ፕሮፌሰሮቹ ለምን ይወቁት? እማዬስ የማታውቀውን ለባዕድ እንዴት እነግራለሁ?» አለችኝ። እውነትም እናታችን ለጎረቤት የምትናገረው «ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች» እያለች ነበር።

ከዚያ በፊት ግን እኅቴ ስለ አንዲት አሮጊት የነገረችኝ ነገር ነበር። እኚህ ሴት አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ከዳኑ በኋላ ምግብ ሲቀርብላቸው ሁልጊዜ የሳሕኑን ግማሽ ትተው «ጨርሻለሁ» ይላሉ። ሠራተኞቹ «ጠግበዋል» ብለው ያነሡላቸዋል፤ ሴትዮዋ ግን እየከሱ ሄዱ። እኅቴ የሚቀረው ሁልጊዜ በስተግራ በኩል ያለው መሆኑን አስተዋለችና አንድ ምሽት ሳሕኑን አዞረችው። ሴትዮዋ «ሌላ ጨመርሽልኝ?» ብለው የቀረውን በሉ። ነርሷ ነገሩ ሲነገራት፤ በቀኝ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሕመምተኛው በስተግራው ያለውን ነገር ልብ ማለት ሊያቅተው እንደሚችል አስረዳቻት። እኅቴም በሚቀጥለው ሴሚስተር ስለ አንጎል የሚያስተምረውን ኮርስ የወሰደችው በዚህ ምክንያት ነው።

«ይህን ጻፊ» አልኋት። ብዙ ተከራከርን። ማንም ያላየውን ነገር በትዕግሥት ተመልክቶ ሳሕን ያዞረ ሰው፤ ለሕክምና የሚያስፈልገውን ዐይን ከወዲሁ ይዟል ብዬ አምናለሁ። የአካባቢ ኮሌጅና የሌሊት ሥራ ሁለቱም ተሸፍነው የሚቀሩ ነገሮች አይደሉም፤ ማስረጃው ላይ የኮሌጁ ስም ተጽፎ ይገኛል። ማመልከቻው ተማሪው የሠራውንና ያገለገለውን እስከ አሥራ አምስት የሚደርስ እንዲዘረዝር ቦታ ይሰጠዋል፤ የክፍያ ሥራም ይገባበታል። ልጆቻችን ግን ሁለት ቀን በበጎ ፈቃድ የሠሩትን ጽፈው አምስት ዓመት የሠሩበትን ይተዋሉ።

እኅቴ ግን ጽሑፉን ከማረሟ በፊት ለእናታችን ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት። እናቴ ዝም ብላ ሰማቻት። ከዚያም «አባቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስታመምሁት፤ ያጠብሁት፤ ያገላበጥሁት እኔ አይደለሁምን? ታዲያ ነውሩ የቱ ላይ ነው?» አለቻት። ቀጥላም በሳምንት ስንት ሌሊት እንደምትሠራ ጠየቀቻት። አምስት መሆኑን ስትሰማ «አምስት ሌሊት እየሠራሽ መቼ ልታነቢ ነው? የበዓሉን ገንዘብ ከእንግዲህ አትላኪ። በግ ባይታረድ ዶሮ አለ፤ ዶሮም ባይኖር ጾም አልፈታም አልልም» አለቻት።

ይህን የጻፍሁት እናቴን ለማሞገስ አይደለም፤ ሒሳቡን ለማሳየት ነው። እኅቴ ከአምስት ሌሊት ወደ ሦስት ወረደች። አንዱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ አሥራ ስድስት፤ በሃያ ሳምንት 320 ሰዓት ይሆናል። ለኤምካት የሚዘጋጁ ተማሪዎች በአብዛኛው ከሦስት መቶ ሰዓት ያላነሰ ያጠናሉ። እንግዲህ ፈተናዋን የምታጠናበት ጊዜ ተሰውሮ የነበረው በዓል በመጣ ቍጥር እኛ ቤት በሚታረደው በግ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር እዚህ ላይ አያበቃም። የፈተናው ክፍያ፣ የማመልከቻው ክፍያ፣ ለየትምህርት ቤቱ የሚላከው ተጨማሪ ጽሑፍ ክፍያ ሲደመር ብዙ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካቾች የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ክፍያ የሚቀንስበትና የሚያስቀርበት ደንብ ስላለው፤ ፈተና ከመመዝገብ በፊት ያንን መጠየቅ ይገባል። ከተገባም በኋላ ትልቁ ነገር ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት፤ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የሕክምና ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ብድር በዓመት 50,000፤ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ እንዲወሰን ተደርጓል። ክፍያው ከዚህ በሚበልጥበት ትምህርት ቤት የገባ ሰው ቀሪውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ለግዛቱ ነዋሪ ክፍያ የሚቀንሱትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ማየት ብልኅነት ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በጋው ሲጀምር፤ በእኛ አቈጣጠር በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን እንደ አመጣጡ እየተመለከቱ ስለሚጠሩ፤ ቀድሞ መላክ ይጠቅማል። በዚህ መካከል ባለው አንድ ዓመት ቃለ መጠይቅ አለ፤ ዝምታ አለ፤ «አልተቀበልንህም» የሚል ደብዳቤም አለ። በመጀመሪያው ዙር ሳይሳካላቸው ቀርቶ በሁለተኛው የገቡ ብዙዎች ናቸው። የእኅቴም ነገር ገና አልታወቀም። ተቀባይነት ታግኝ አታግኝ ለመናገር አልችልም፤ ስንዱ ሆና እንደምትቀርብ ግን አውቃለሁ።

እንግዲህ በውጭ አገር በዚህ መንገድ ላይ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምለው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ ግሬዳችሁን ጠብቁ፤ ኮርስ ከመውሰዳችሁ በፊት ወደምትዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ የሚያልፍ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ አንድ አማካሪ «አይሆንም» ቢላችሁ ሌላ ሁለት ጠይቁ፤ የመምህራችሁን በር አንኳኩ፤ የምትሠሩትንም ሥራ አትደብቁ። በአገር ቤት ላለን ደግሞ ሌላ ድርሻ አለን። ልጁ ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖት ገና ኮሌጅ ቢሆን፤ መንገዱ ያን ያህል ስለ ሆነ ነው። በስልክ ባገኘነው ጊዜ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ማለቱን ትተን «በሳምንት ስንት ሌሊት ትሠራለህ?» ብንለው፤ ከምንልክለት በርበሬና ሽሮ የበለጠ ስንቅ ይሆነዋል።